የድረ ገጽ ሰርቨር በትእዛዝ መስመር፦ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ ማዘዝ

ድረ ገጽ የምንለው ነገር ገልጠው ሲያዩት ሦስት ነገር ነው፦ በፎልደር የተቀመጡ ፋይሎች፣ አንድ ዳታቤዝ፣ እነዚህን ለጠየቀ ሁሉ የሚያቀብል አንድ ፕሮግራም። ሦስቱም የሚኖሩት ቀንና ሌሊት በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል፤ የሚያከራየው ድርጅት ደግሞ የሆስቲንግ አገልግሎት ሰጪ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የምታስተዳድሩት ድረ ገጽ ሰርቨሩ ጀርመን ወይም አሜሪካ ሊሆን ይችላል። ስክሪንም ኪቦርድም አልተሰካበትም፤ በዐይናችሁም አይታችሁት አታውቁም። ታዲያ እንዴት ነው የሚታዘዘው?

ሁለት በር አለው። አንደኛው በብራውዘር የሚከፈት የመቆጣጠሪያ ፓነል ነው፤ ሲፓነልን የመሰለ። ሁለተኛው የትእዛዝ መስመር ነው፤ ጽሑፍ ብቻ የሚጻፍበትና ጽሑፍ ብቻ የሚመልስ መስኮት። ፓነሉ ለዕለት ተዕለት ሥራ ይበቃል፤ የኢሜይል አድራሻ ለመክፈትና ፎቶ ለመጫን ማንም አይቸገርበትም። ነገር ግን ፓነሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዲስኩ ሲሞላ ወይም ሜሞሪው ሲያልቅ ከድረ ገጹ ጋር አብሮ ሊወድቅ ይችላል፤ ያውም በጣም በምንፈልገው ሰዓት። የትእዛዝ መስመሩ ከጥቂት ፊደላት በቀር የሚያመላልሰው ስለሌለው ሰርቨሩ ተጨናንቆም፣ ኢንተርኔቱ ደክሞም ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ምስልና ቁልፍ የበዛበት ፓነል እስኪመጣ ደቂቃዎች በሚወስድበት የሞባይል መስመር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የምጽፈው የሙያው ሰዎች ላልሆኑ የድረ ገጽ ባለቤቶች ነው። የትምህርት ቤት፣ የዕድር፣ የማኅበር፣ የትንሽ ንግድ ድረ ገጽ በእጃቸው ላለ። ሥራውን ሁሉ ለአንድ ወጣት አስረክበው፣ ወጣቱ ሥራ ሲቀይር ወደ ራሳቸው ሰርቨር መግባት ያቃታቸው ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። ማንም ሁሉንም ነገር ራሱ ይሥራ አልልም። ነገር ግን የራሱን ሰርቨር ከፍቶ መግባትና ምን እንደሆነ ማየት የማይችል ባለቤት፣ የሚነገረውን ከማመን በቀር አማራጭ የለውም።

ብዙ ሰው የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ የትእዛዙን ብዛትና በአንድ ፊደል ስሕተት ሁሉን ማጥፋትን። ሁለቱንም ፍርሃት የሚያቃልል አንድ ልዩነት አለ። ከትእዛዞቹ ገሚሱ ይጠይቃል፤ የት ነኝ፣ ምን አለ፣ ስንት ቀረ፣ ምን ሆነ ይላል። ገሚሱ ደግሞ ይለውጣል፤ ይሰርዛል፣ ያዛውራል፣ ያስነሣል፣ ፈቃድ ይሰጣል። የሚጠይቀው ወገን መቶ ጊዜ ቢጻፍ ፋይል አያበላሽም። ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በዚህ ወገን ላይ ነው። ስለዚህ የሚጠይቁትን ያለ ፍርሃት ተለማመዷቸው። የሚለውጡትን ግን የሚጠይቀው መልስ ከሰጠ በኋላ ብቻ ጻፏቸው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ማስታወሻ። ትእዛዞቹን እዚህ በአጠራራቸው አስቀምጫቸዋለሁ፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል፣ ትልቁን ፊደል ካላልኩ በቀር በትንንሹ ይጻፋሉ። «ኤልኤስ» ስል ሁለት ፊደል ነው። ሰረዝ፣ እዝባርና ነጥብ እንዳሉ ይጻፋሉ። ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ይቆጥራል፤ ክፍት ቦታም ትርጉም አለው። የትእዛዞቹ ስም ይህን ያህል ያጠረው በምክንያት ነው። እናታቸው፣ ከሊኑክስ በፊት የነበረችው ሲስተም ዩኒክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ ስትጀመር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቴሌታይፕ የሚባለው ማሽን በሰከንድ ዐሥር ፊደል ብቻ ነበር የሚያትመው። አንድ ፊደል መቀነስ ጊዜ መቆጠብ ነበር።

መግባት

መግቢያው ኤስኤስኤች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ኡሎነን የተባለ የሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሠራው። ምክንያቱ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ አንድ ሰርጎ ገብ የሚያልፉ የይለፍ ቃላትን ሲለቅም መገኘቱ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን በግልጽ ይልከው ስለነበር መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው ይችል ነበር። ኤስኤስኤች ግን የሚመላለሰውን ሁሉ ይመሰጥራል። አጻጻፉ «ኤስኤስኤች»፣ ክፍት ቦታ፣ የተጠቃሚ ስም፣ የ@ ምልክት፣ ከዚያ የሰርቨሩ አድራሻ ነው። ዊንዶውስ 10ና ከዚያ ወዲህ የወጡት፣ ማክም፣ ሊኑክስም ይህን ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገቡ ይህን ሰርቨር አላውቀውም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «ዬስ» የሚለው ቃል በሙሉ ይጻፋል። ሌላ ቀን ግን ሰርቨሩ ማንነቱ ተቀይሯል የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትለፉት። ወይ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ተጭኗል፣ ወይ ሌላ ማሽን በእሱ ስም እየመለሰ ነው፤ አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅ ይቀድማል። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ኮከብ እንኳ የለም። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ጽፋችሁ ኢንተርን መጫን ነው።

የይለፍ ቃል ግን መጀመሪያ ለመግባት ካልሆነ በቀር አይመከርም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማንኛውም ሰርቨር ላይ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ሌት ተቀን የይለፍ ቃል ይገምታሉ። መፍትሔው የቁልፍ ጥንድ ነው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ «ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519» ብትሉ ሁለት ፋይል ይፈጠራል። አንዱ ምስጢራዊ ሲሆን ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ሌላው የሕዝብ ቁልፍ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ቢያየውም ጉዳት የለውም። እዚህ ላይ ድርጅቶችን አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ፦ ሦስት ሰው የሚገባ ከሆነ ሦስት ቁልፍ ይኑር። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ አንዱ ሲለቅ የሁሉንም መቀየር ግድ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሳይቀየር ይቀራል። ለየሰው ቁልፍ ካለው ግን ከሰርቨሩ ዝርዝር ላይ የለቀቀውን ሰው አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃል።

ሲገባም እንደ ሩት አለመግባት ነው። ሩት የሰርቨሩ ሙሉ ጌታ ነው፤ ያዘዘውን ሁሉ ማሽኑ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። በተራ ተጠቃሚ ስም ገብቶ፣ ሥልጣን ለሚጠይቀው ትእዛዝ ብቻ ከፊቱ «ሱዶ» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ፊደላቱ ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ናቸው። ብዙ ደንበኞች በአንድ ማሽን ላይ በሚኖሩበት የጋራ ሆስቲንግ ሱዶ አይፈቀድም፤ የሚጠይቁት ትእዛዞች አብዛኞቹ ግን እዚያም ይሠራሉ።

የት ነኝ?

እንደገባችሁ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች እነዚህ ይሁኑ። «ሆስትኔም» የትኛው ማሽን ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። «ሁአማይ» በማን ስም እንደገባችሁ ይነግራችኋል፤ አጻጻፉ ማን ነኝ የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ያለ ክፍት ቦታ ተያይዞ ነው። «ፒደብሊውዲ» ደግሞ አሁን የቆማችሁበትን ፎልደር ይነግራችኋል።

ይህ ለጀማሪ ብቻ የሚባል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር አዘጋጆች አገልግሎት ላይ የደረሰውን ኩባንያው ራሱ በዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ አውጥቶታል። ሁለት የዳታቤዝ ሰርቨሮች ነበሩ፤ ዋናውና ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጠው። ተከታዩ ወደ ኋላ በመቅረቱ አንድ መሐንዲስ ሌሊት ላይ የተከታዩን ፎልደር ባዶ አድርጎ እንደገና ሊያስጀምረው ፈለገ። የስረዛ ትእዛዙን የጻፈው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። የሁለቱ ሰርቨሮች ስም የሚለየው በአንድ አኃዝ ነበር። ሰውየው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ጎድሎ የነበረው የት ነኝ የሚለው ጥያቄ ነው። የመጠባበቂያ ቅጂዎቹ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የትእዛዝ መስመሩ ራሱ ከእያንዳንዱ መጻፊያ ቦታ ፊት ስማችሁን፣ የማሽኑን ስምና ፎልደሩን ያሳያል። በመጨረሻው ላይ የዶላር ምልክት ካለ ተራ ተጠቃሚ ናችሁ፤ # ካለ ሩት ናችሁ። ሁለት ሰርቨር የምታስተዳድሩ ከሆነ የማይመሳሰል ስም ስጧቸው።

ከዚያ ወዲያ ዙሪያን ማየት ነው። «ኤልኤስ -ኤልኤ» በፎልደሩ ያለውን ሁሉ፣ የተደበቀውንም ጨምሮ፣ ከመጠኑ፣ ከባለቤቱና ከቀኑ ጋር ይዘረዝራል። «ሲዲ» ከፎልደር ወደ ፎልደር ያዘዋውራል። የድረ ገጹ ፋይሎች ብዙ ጊዜ በ«/ቫር/ደብሊውደብሊውደብሊው» ስር፣ የፕሮግራሞቹ ቅንብር በ«/ኢቲሲ» ስር፣ የሚሆነው ሁሉ የሚመዘገብባቸው ሎጎች በ«/ቫር/ሎግ» ስር ይገኛሉ። ረጅም የፋይል ስም በሙሉ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጥቂት ፊደል ጽፎ ታብን መጫን ቀሪውን ይሞላል። ታብ ካልሞላው ፋይሉ የለም ማለት ነው ወይም ከአንድ በላይ ነው፤ ስለዚህ ታብም ራሱ ይጠይቅላችኋል። ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ቀድሞ የተጻፈውን ትእዛዝ ይመልሳል። የትእዛዙ አሠራር ቢጠፋችሁ ከስሙ በፊት «ማን» ብላችሁ ብትጽፉ መመሪያው ይከፈታል፤ ከመመሪያው ለመውጣት ኪውን መጫን ነው።

ድረ ገጹ ቆሟል

ነገሩ የሚገባው በሥራ ላይ ስለሆነ አንድ ብልሽት ከጥግ እስከ ጥግ እንከተል። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ይሠራል እንበል። ደንበኛ ደውሎ ድረ ገጹ አይከፈትም ይላል።

መጀመሪያ በእርግጥ ቆሟል ወይ? «ከርል -አይ» ብላችሁ አድራሻውን ጻፉ፤ ከርል በፊደል ሲ፣ ዩ፣ አር፣ ኤል ነው፤ አይ እዚህ ትልቁ ፊደል ነው። የሚመለሰው ቁጥር ብዙ ይናገራል። 200 ከሆነ ደህና ነው፤ ችግሩ ምናልባት በደዋዩ መስመር ላይ ነው። 403 ፈቃድ የለም፣ 404 ፋይሉ የለም ነው። 500 ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ተፈጥሯል ማለት ነው። 502 ደግሞ ኤንጂንኤክስ አለ፣ ከኋላው ያለው ፕሮግራም ግን ተገቢ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ቁጥር ጭራሽ ካልመጣ ማሽኑ ወይም መስመሩ ነው።

500 መጣ እንበል። «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ኤንጂንኤክስ» አገልግሎቱ በሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል፤ የዳታቤዙም በዚሁ መንገድ ይጠየቃል። ሁሉም ሰው እዚህ ላይ እጁ ወደ ማስነሣት ይሄዳል። እባካችሁ ቆዩ። አጥፍቶ ማስነሣት ችግሩን ለአንድ ሰዓት ሸፍኖ ምክንያቱን ይዞት ሊጠፋ ይችላል። ምክንያቱ የተጻፈው ሎጉ ላይ ነው። «ቴይል -ኤን 50» ብላችሁ የስሕተቱን ሎግ ስም ብትጨምሩ የመጨረሻዎቹን ሃምሳ መስመሮች ያወጣል። በ«-ኤን 50» ፋንታ «ቴይል -ኤፍ» ብትሉ ደግሞ አዲስ መስመር በተጻፈ ቁጥር ዐይናችሁ እያየ ይጨመራል፤ በአንድ መስኮት ይህን ከፍቶ በብራውዘር ገጹን እንደገና መጥራት ስሕተቱን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ይጠቅማል። ለማቆም ኮንትሮልና ሲ አብረው ይጫናሉ።

ሎጉ ላይ ያለው ሰዓት ግራ እንዳያጋባችሁ። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ «ዴት» ብላችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ስሌቱ ከሎጉ ላይ 3 መቀነስ ብቻ ይሆናል። ሎጉ 11:20 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው፤ 20:00 ካለ 17 ይመጣል፣ 12 ሲነሣለት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ደንበኛው «ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ግድም ነው የቆመው» ሲላችሁ የትኛውን መስመር እንደምትፈልጉ ያኔ ታውቃላችሁ።

የመጨረሻው መስመር በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም ይላል። ዲስክ ሞልቷል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከተለመዱት ብልሽቶች አንዱ ነው። «ዲኤፍ -ኤች» እያንዳንዱ ዲስክ ስንት በመቶ እንደሞላ ያሳያል። 100 በመቶ ካሳየ ማን እንደበላው መጠየቅ ነው፦ «ሱዶ ዲዩ -ኤች --ማክስ-ዴፕዝ=1 /ቫር | ሶርት -ኤች»። ዲዩ የየፎልደሩን መጠን ይደምራል፤ ሶርት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድራል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ከታች ነው። ወደዚያ ፎልደር ገብቶ ጥያቄውን መድገም እስከ ምንጩ ያደርሳል። አንዳንዴ ዲኤፍ ቦታ አለ እያለ ሰርቨሩ የለም ይላል። ያን ጊዜ «ዲኤፍ -አይ» በትንሹ አይ ጻፉ፤ ያለቀው ቦታው ሳይሆን ዲስኩ ሊይዝ የሚችለው የፋይል ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጊዜያዊ ፋይሎች ሲከማቹ የሚመጣ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ለወራት ሲያድግ የኖረ ሎግ ወይም እዚያው ዲስክ ላይ የተከማቸ የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሎጉን አገኛችሁ፤ 30 ጊጋባይት ሆኗል። «አርኤም» በተባለው የስረዛ ትእዛዝ ብትሰርዙት ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል፤ ዲኤፍ ግን አሁንም 100 በመቶ ይላል። ለምን ቢባል፣ ሊኑክስ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘውን ፋይል ስሙን ቢያነሣም ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ቦታውን አይለቅም። ኤንጂንኤክስ ደግሞ ሎጉን እንደከፈተ ነው። ትክክለኛው መንገድ ፋይሉን ሳይሰርዙ ባዶ ማድረግ ነው፦ «ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0» ከዚያም የፋይሉ ስም። የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ግን የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሺህ መስመሮች አስቀድማችሁ ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር አውርዱ። ከዚያ ሎግሮቴት የተባለው ፕሮግራም ለዚያ ሎግ መዘጋጀቱን ተመልከቱ፤ ሥራው አሮጌውን እያጨቀ፣ ያረጀውን እየጣለ መቀጠል ነው።

አሁን ብቻ ማስነሣት ይመጣል። ቅንብር ነክታችሁ ከሆነ ቀድማችሁ «ሱዶ ኤንጂንኤክስ -ቲ» በሉ፤ ቅንብሩን አንብቦ ስሕተት ካለ ከነመስመር ቁጥሩ ይናገራል፤ እያገለገለ ያለውን ነገር ግን አይነካም። ደህና ካለ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ»። ሪሎድ ጎብኝዎችን ሳያቋርጥ አዲሱን ቅንብር ያስነብባል፤ ሪስታርት ግን ዘግቶ ይከፍታል።

ማን ነው የመጣው?

ቆሞ ሳይሆን ተንቀራፎ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። «ቶፕ» ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው፣ «ፍሪ -ኤች» ሜሞሪው ስንት እንደቀረ ያሳያሉ። ጎብኝዎቹን ለማየት ግን የጉብኝት ሎጉን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው የትእዛዝ መስመር ውበቱ የሚታየው። «ከት -ዲ' ' -ኤፍ1 አክሰስ.ሎግ | ሶርት | ዩኒክ -ሲ | ሶርት -አርኤን | ሄድ»። ቀጥ ያለው መስመር ፓይፕ ይባላል፤ የግራውን መልስ ለቀኙ ጥያቄ አድርጎ ያቀብላል። ከት የእያንዳንዱን መስመር የመጀመሪያ ክፍል፣ ማለትም የጎብኝውን አይፒ አድራሻ፣ ይቆርጣል። ሶርት ተመሳሳዮቹን ጎን ለጎን ያደርጋል፤ ዩኒክ ይቆጥራል፤ በፊደል ዩ፣ ኤን፣ አይ፣ ኪው ነው። ሁለተኛው ሶርት ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረድራል፤ ሄድ ዐሥሩን ብቻ ያወጣል። ብዙ ሺህ መስመር ያለው ሎግ በሰከንዶች ውስጥ ዐሥር መስመር ይሆናል። አንድ አድራሻ ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ከጠየቀ ነገሩ ሰው እንዳልሆነ ትጠረጥራላችሁ። «ግሬፕ» ደግሞ አንድ ቃል ወይም ቁጥር ያለበትን መስመር ብቻ ይለቅማል፤ ከዚያ አድራሻ የመጣውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ታዩታላችሁ።

አማርኛ ድረ ገጽ ያላችሁ ሰዎች ሎጉ ላይ በመቶኛ ምልክት የተሞላ ረጅም አድራሻ ስታዩ ጥቃት አይምሰላችሁ። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት አቀማመጥ ስልት እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት የ% ምልክትና ሁለት አኃዝ ወይም ፊደል ሆኖ ይጻፋል። መደበኛዎቹ የግዕዝ ፊደላት ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ባይት፣ በ%ኢ1 ነው። እሱ በየሦስቱ ከተደጋገመ አማርኛ አርእስት ነው።

ፈቃድ

403 ሲመጣ ብዙ መመሪያ «ሲኤችሞድ 777» በሉ ይላል። ይህን ምክር የሚሰጥ ሁሉ ቢተወው እመኛለሁ። አኃዞቹ ቀላል ናቸው፦ 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ፣ 1 ማስኬድ ነው፤ ለፎልደር ከሆነ 1 መግባት ማለት ነው። የመጀመሪያው አኃዝ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለቡድኑ፣ ሦስተኛው ለቀረው ሁሉ ነው። 777 ማለት በሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ማንኛውም ፕሮግራም ፋይሉን መለወጥ ይችላል ማለት ነው። የቤቱ መዝጊያ አልከፈት ቢል መዝጊያውን ነቅሎ እንደመጣል ነው። ለፎልደር 755፣ ለፋይል 644 በአብዛኛው ይበቃል፤ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ለያዘ ፋይል 640። ይህ ካልፈታው ችግሩ ከአኃዙ ሳይሆን ከባለቤቱ ነው። «ኤልኤስ -ኤል» ባለቤቱን ያሳያል፤ «ሲኤችኦውን» ይቀይራል።

የሚመለስና የማይመለስ

አርኤም የቆሻሻ ቅርጫት የለውም። የሰረዘው ተሰርዟል። -አር ፎልደሩን ከነሆዱ ይሰርዛል፤ -ኤፍ አትጠይቀኝ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አንዲት ያለ ቦታዋ የገባች ክፍት ቦታ አንዱን መንገድ ሁለት ታደርገዋለች፤ «/ቫር/ደብሊውደብሊውደብሊው/አሮጌ» ሊባል የታሰበው ከእዝባሩ በኋላ ከተከፈተ የድረ ገጾቹ ፎልደር በሙሉ ይሄዳል። የሚያስተማምነው መንገድ ያንኑ መስመር መጀመሪያ በኤልኤስ መጻፍ ነው። የሚዘረዘረው የምትፈልጉት ብቻ ከሆነ ወደ ላይ ቀስቱን ተጭናችሁ ኤልኤስን በአርኤም ተኩ። ከዚያም የሚሻለው ጭራሽ አለመሰረዝ ነው፤ በ«ኤምቪ» ስሙን ቀይራችሁ አንድ ሳምንት አቆዩት። የቅንብር ፋይል ከመንካት በፊትም በ«ሲፒ» ቀን የተጻፈበት ቅጂ አስቀምጡ። ለማረም ናኖ ቀላል ነው፤ ኮንትሮልና ኦ ያስቀምጣል፣ ኮንትሮልና ኤክስ ያስወጣል።

አሁን ወደ ጊትላብ ልመለስ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያና የቅጂ ዘዴ ነበረው። በዚያች ሌሊት አንዳቸውም በሚገባ እየሠሩ እንዳልነበሩ ታወቀ። ያዳነው ያው መሐንዲስ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ በእጁ ያነሣው ቅጂ ነበር። በመካከሉ የተመዘገበው ጠፋ። የመጠባበቂያ ቅጂ መኖሩ የሚታወቀው መልሶ ሲነሣ ብቻ ነው፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩ አንዴ በባዶ ማሽን ላይ አንሡት።

ፋይሎቹን «ታር -ሲዜድኤፍ» አጭቆ በአንድ ፋይል ያስራል፤ ዳታቤዙን «ማይኤስኪውኤልደምፕ» ወደ ጽሑፍ ያወጣዋል። አማርኛ የያዘ ዳታቤዝ ሲወጣም ሲገባም «--ዲፎልት-ካራክተር-ሴት=ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» መጨመር አትርሱ። ገጹ ተመልሶ በፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ካሳየና የጥያቄ ምልክቱ ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ፊደሉ ከዚያ ቅጂ ላይ ጠፍቷል፤ አይመለስም። ጭረት የተጣለባቸው እንግዳ የላቲን ፊደላት ካሳየ ግን ባይቶቹ አሉ፣ የተነበቡት በስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይድናል። ሁለቱን መለየት የዓመታት ጽሑፍን ሊያተርፍ ይችላል።

ቅጂው እዚያው ሰርቨር ላይ ከቀረ ቅጂ አይባልም። ለማውረድ «አርሲንክ -ኤቪዜድ --ፓርሻል» ለእኛ መስመር እንደታሰበ ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ያመጣል፣ ሲቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። -ኤን ሲጨመርበት ምን እንደሚሠራ ተናግሮ ምንም አይሠራም፤ በተለይ በ«--ዲሊት» ስትጠቀሙ መጀመሪያ በዚያ ሞክሩት።

መስመር መቋረጥ ካነሣን «ቲመክስ»ን ማወቅ ግድ ነው፤ በፊደል ቲ፣ ኤም፣ ዩ፣ ኤክስ። ረጅም ሥራ ላይ ሳላችሁ መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢጠፋ በኤስኤስኤች የጀመራችሁት ሥራ መሃል ላይ ሊገደል ይችላል፤ በተለይ የሰርቨሩን ፕሮግራሞች የሚያድሰው «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» እየሠራ ከሆነ የተጎዳ ሲስተም ይተዋል። ቲመክስ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ተመልሳችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ካቆማችሁበት ታገኙታላችሁ።

ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደው ፋየርዎል ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው ነው። 80ኛውንና 443ኛውን ፖርት፣ ማለትም ግንኙነት የሚገባባቸውን ባለ ቁጥር በሮች፣ ለድረ ገጹ ክፈቱ፤ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል» ከማለት በፊት ግን «ሱዶ ዩኤፍደብሊው አላው ኦፕንኤስኤስኤች» መቅደሙን አረጋግጡ፤ ካልሆነ በሩን በራሳችሁ ላይ ትዘጋላችሁ። የፋየርዎልን ወይም የኤስኤስኤችን ቅንብር ስትለውጡ የገባችሁበትን መስኮት አትዝጉት። ሁለተኛ መስኮት ከፍታችሁ እንደ አዲስ ለመግባት ሞክሩ። ከገባችሁ የመጀመሪያውን መዝጋት ትችላላችሁ፤ ካልገባችሁ ባልተዘጋው መስኮት የለወጣችሁትን ወደነበረበት መልሱ።